የፈንታነሽ ወይን

ፈንታነሽ ሳትቀምስ የቀዳችለት ሰው ብቸና ውስጥ የለም። ሠላሳ ዓመት አረቄ ስታወጣና ስትሸጥ፣ ጠርሙሱን በቀኝ እጇ ይዛ በግራ መዳፏ ላይ ጠብ ታደርጋለች፤ ፉት ትላለች፤ ከዚያ ነው ለእንግዳው የምትቀዳው። ድሮ መጠጡ መርዝ እንደሌለበት ለማሳየት የተጀመረ ወግ ነው ይባላል። ዛሬ ማን ማንን ይመርዛል እያሉ ብዙዎቹ ትተውታል። እሷ አልተወችውም። ፖሊስ ቢመጣ፣ ሐኪም ቢመጣ፣ ጎረቤት ለቁርጠት አንድ መለኪያ ብታስለምን እንኳ መጀመሪያ የሚረጥበው የፈንታነሽ መዳፍ ነው። ቀልደኞቹ «እኛ አንድ ብርጭቆ ሳንጨርስ እሷ በመዳፏ ጋን ጨረሰች» ይሏታል። ይበሏት። እሷ የማትውጠውን ለሰው አትሰጥም፣ አለቀ።

አረቄዋም ወጉን የሚመጥን ነው። ዳጉሳውን ራሷ ትለቅማለች፣ ብቅሉን ራሷ ታበቅላለች፣ ጌሾውን ካየችውና ካሸተተችው በቀር አትገዛም። ሲወጣ መጀመሪያ የሚንጠባጠበውን ደጅ ወስዳ ትደፋዋለች። «ይኼ የምድር ነው፣ የሰው አይደለም» ትላለች። የቀረውን እንደገና ታወጣውና ዳግም አረቄ ይሆናል፤ ጥርት ያለ፣ ጉሮሮ የማይቧጥጥ፣ በማግሥቱ ራስ የማይፈልጥ። ቶሎ እንዲደርስ ስኳር የሚሞጅሩበትን ሴቶች ስም አትጠራም፤ በደጃቸው ስታልፍ ግን አፍንጫዋን በነጠላዋ ትይዛለች።

ልጇ አንድ ነው፤ ይታገስ። ባሕር ዳር የሆቴል ሥራ ተምሮ ሁለት ቦታ ተቀጥሮ ሁለቱንም ትቶ መጣ፤ መጨረሻ ሞጣ ላይ ከአንድ ሆቴል ጀርባ አዳራሽ ተከራየ። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሞልቶታል። ሚስት የለውም፣ ልጅ የለውም፣ ሐሳብ ግን ሞልቶ የተረፈው ነው። ባለፈው ዓመት እናቱ ዘንድ መጥቶ ስለ አንድ ዓይነት ወይን አጫወታት።

«ወይኑ ፈልቶ ሳያልቅ፣ ጣፋጭነቱ ገና ሳለ፣ ጠንካራ መጠጥ ይጨመርበታል፤ መፍላቱን ያቆማል። ጣፋጭም ብርቱም ይሆናል እማዬ። ፎርቲፋይድ ይሉታል።»

«የሚጨመረው ጠንካራ መጠጥ ምንድን ነው?»

«ያንቺ ዳግም ነዋ!»

ፈንታነሽ ፎርቲ ምናምኑን መጥራት ስላልቻለች «የተደገፈ ወይን» አለችውና አብራው ሠራች። ሞጣ ካለው ከኸይረዲን ሱቅ ጥቁር ዘቢብ አስመጥተው አጠቡ፣ ወቀጡ፣ በጋን ጠነሰሱ። ስድስት ቀን ጋኑ ሲንተከተክ ሰነበተ። በሰባተኛው ቀን ይታገስ ከአዲስ አበባ ያመጣውን ያልጣፈጠ ቀይ ወይን ቀላቀሉበትና ዳግሙን ጨመሩ። የጋኑ ጉርምርምታ ጸጥ አለ። አፉን በጨርቅና በጭቃ ደፍነው ሰባት ወር ተውት።

ሲከፈት ቀለሙ ወደ ጥቁረት ያደላ፣ ሽታው የቆየ ማር የመሰለ ነገር ወጣ። ከምን ጋር እንደሚጠጣ ለማወቅ እናትና ልጅ አንድ ቅዳሜ ሙሉ ሲቀምሱ ዋሉ። በዶሮ ወጥ ሞከሩት፤ በርበሬውና አረቄው ተጣሉ፣ አፋቸው ተቃጠለ። በክትፎ ሞከሩት፤ ቅቤው ዋጠው። ጨው ያልተሰሰተበት፣ ስብ ያለው ደረቅ ቋንጣ ሲያቀርቡለት ግን ወይኑ ጨዉን አለዘበው፣ ጨዉም የወይኑን ጣፋጭነት ልክ አስገባው። ጨው ነስነስ ያለበት አይብም ተስማማው፣ የተቆላ ለውዝም ተስማማው። «ይኼ ሰውዬ ጨውና ስብ ነው የሚወድ፣ በርበሬ አይጠጋው» ብላ ፈረደች። ይታገስ ፍርዷን በስልኩ ላይ ጻፈ። ያን ቀን ከልጇ ጋር እንደሳቀችው ከባሏ ሞት ወዲህ ስቃ አታውቅም።

ከጋኑ የወጣው ሃያ ጠርሙስ ነው። ይታገስ ባሕር ዳር ወስዶ ለአንዲት ለሆቴሎች መጠጥ ለምትገዛ ሴት አስቀመሳት። ወይዘሪት ማስተዋል ትባላለች። ወደደችው። በየወሩ መቶ ጠርሙስ ልታቀርብልኝ ትችላለህ ወይ አለችው። እችላለሁ አለ።

«በሰባት ወር ሃያ ያወጣ ጋን በወር መቶ ከየት ያመጣል?» አለችው እናቱ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ ልጄ።»

«ጋን እጨምራለሁ። አንቺ ብቻ ፎቶሽን ስጪኝ። ጠርሙሱ ላይ የምለጥፈው ያንቺን ስም ነው» አላት። ሰጠችው። አሁን ስታስበው ያንን ፎቶ ስትሰጥ እጇ ለምን እንዳልተሰበረ ይገርማታል።

የካቲት ውስጥ፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ይታገስ ደወለ። እሑድ ቅምሻ አለ፤ ወይዘሪት ማስተዋል ከባሕር ዳር ትመጣለች፤ ከወደደችው እዚያው ትፈራረማለች፤ አንቺም መጥተሽ በእጅሽ ቅጂ፤ ፎቶና ቪዲዮ ይነሣል። ፈንታነሽ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ አንድ የዳግም ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልላ፣ በጠዋት ከብቸና ተሳፈረች። ደብረ ወርቅን አልፋ ጉንደ ወይን ስትደርስ መኪናው ቆመ። የከተማው ስም ወይን፣ የሚሸጠው ሽንኩርት። ለራሷ ሳቅ አለች።

ሞጣ እንደወረደች መጀመሪያ ኸይረዲን ሱቅ ጎራ አለች። የኸይረዲን አባትም ዘቢብና ቅመም ነበር የሚሸጡ። ቤተሰቡ ወይን አይቀምስም፤ የአካባቢው አብያተ ክርስቲያናት የቅዳሴ ዘቢብ የሚገዙት ግን ከነሱ ነው።

«እንደምን ነዎት እትዬ ፈንታነሽ? እንኳን ደስ አለዎ፤ የልጅዎን ወሬ ሰማን።»

«ደስታው ያንተም ነው። ዘቢቡ ያንተ አይደል?»

ኸይረዲን ሚዛኑን ጠረገ። ያልቆሸሸ ሚዛን ነበር።

«ከኔ ዘቢብ ከወሰደ ዓመት አለፈው እትዬ። አሁን የሚወስድ ከርከዴ ነው። ከርከዴና ስኳር፣ በኩንታል። እኔ ለሻይ መስሎኝ ነበር።»

«ካንተ ባይወስድ ከሌላ ይወስድ ይሆናል» አለች ፈንታነሽ።

«ይሆናል» አለ ኸይረዲን። እናት ናትና ሌላ አልጨመረም።

አዳራሹ ስትደርስ ማንም አልነበረም። ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ጠርሙሶች ተደርድረዋል፤ ሁሉም ላይ ፊቷ አለ። አርባ ፈንታነሽ ጥርሷን አግጣ ታያታለች። ከታች «የፈንታነሽ ወይን፣ የእናት እጅ ጣዕም» ተብሎ ተጽፏል። ከጠርሙሶቹ አጠገብ ምግቡ ተቀምጧል፤ ዶሮ ወጥ፣ አዋዜ የተለቀለቀ ጥብስ፣ ክትፎ ላይ የተፈረፈረ ቸኮላት፣ አይቡ ደግሞ በከርከዴ ውኃ ታሽቶ የቆሰለ ድድ መስሏል። ቋንጣ የለም። ለውዝ የለም። ያን ቅዳሜ «ይኼ አይሆንም» ያለችው ሁሉ ተሰብስቦ ዝንብ ወርሮታል።

ሽታው ግን ከጀርባው ክፍል ነው የመጣ። በሩን ገፋችው። ጋን የለም። ትልቅ ሰማያዊ በርሜል አለ፤ ጎኑ ላይ የፈሳሽ ሳሙና ምልክት ግማሹ ተልጦ ግማሹ ቀርቷል። ውስጡ ቀይ ነገር ሞልቶ፣ ላዩ ላይ ጢንዚዛና የዝንብ ክንፍ ተንሳፎበታል። ማማሰያው የመጥረጊያ እንጨት ነው። ማጥለያው አሮጌ መጋረጃ ነው፤ አበባዎቹ እንኳ አልጠፉም። ግድግዳው ሥር ሦስት ጀሪካን ተደርድሯል። አንዱን ከፍታ ብታሸተው የመርፌ መውጊያ ቤት ሽታ አፍንጫዋን በጥፊ መታት። አረቄ አይደለም። የሷም አይደለም፣ የማንም ሴት አይደለም። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ያንን ስኳር የሚሞጅሩትን ሴቶች ያን ጊዜ ናፈቀቻቸው።

ይታገስ ከኋላዋ መጣ። ሱፍ ለብሷል፣ ሽቶ ተርከፍክፏል።

«እማዬ! መቼ ደረስሽ? እዚህ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ወይኑ ነዋ። ትንሽ አሠራሩን አፍጥነነዋል። ለመጀመሪያው ብቻ ነው፤ ውሉ ይፈረም እንጂ ጋኑ ይመጣል፣ ዘቢቡ ይመጣል።»

«ዳግሜስ?»

«ያንቺ ለመቶ ጠርሙስ ይበቃል? ይኼም ያው አልኮል ነው፣ ከትልቅ ቦታ የመጣ።»

«በሳሙና በርሜል!»

«ታጥቧል እኮ። ሦስት ጊዜ ታጥቧል።»

ፈንታነሽ የመጥረጊያውን እንጨት አየች። ከዚያ ልጇን አየች። በዚህ ሱፍ ውስጥ ያለው ያው ልጅ ነው፤ ከታጠበ በኋላ ጆሮውን ገልጣ ታየው የነበረው ልጅ። ዛሬ ካልሆነለት ሦስተኛ መውደቁ ነው። ከዚህ በኋላ እንደገና የሚነሣበት ጉልበት ያለው አይመስላትም።

«አንተ ቀምሰኸዋል?» አለችው።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ጠጥተኸዋል ወይ ነው የምልህ።»

«ስንት ጊዜ! ማታ ማታ ከሱ ሌላ አልጠጣም። እኔ ያንቺ ልጅ አይደለሁ? የማልጠጣውን ለሰው እሰጣለሁ?»

ይህን ሲል ዓይኑን አልሰበረም። ፈንታነሽም አመነችው። ቀፏታል፣ አስጠልቷታል፣ በርሜሉን ብትደፋው ደስ ይላት ነበር፤ ግን ልጇ የሚጠጣው ከሆነ ሰው አይገድልም ብላ ራሷን አጽናናች። ዝም አይነቅዝም። ዛሬን ዝም እላለሁ፣ ነገ ጋኑን ራሴ ይዤ እመጣለሁ አለች በሆዷ። ወደ አዳራሹ ስትመለስ እጇን ሁለቴ ታጠበች።

እንግዶቹ ገቡ። አሥራ አምስት ያህል ይሆናሉ፤ ሁለቱ ከብቸና የመጡ፣ ፈንታነሽን የሚያውቁ ናቸው። ወይዘሪት ማስተዋል ማስታወሻዋን ይዛ ከፊት ተቀመጠች፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ፊቷ የማይነበብ ሴት ናት። አጠገቧ መምህር አካለ ወልድ ተቀመጡ። ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት መምህር ናቸው፤ የይታገስ የክርስትና አባቱ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሐል አቁመው ለልጃቸው ቀን ደስ ብሏቸው ፈገግ ይላሉ። ይታገስ ቆሞ ስለ እናቱ እጅ፣ ስለ ብቸና ዳጉሳ፣ ስለ ሰባት ወር ትዕግሥት ተናገረ። ይህ ወይን በተለይ በርበሬ ላለው ምግባችን ነው የተፈጠረ አለ። ፈንታነሽ መሬት መሬቱን አየች።

«አሁን ባለቤቷ ራሷ ትቀዳልናለች!» አለ። ስልኮች ተነሡ።

ልጇ ሁሉንም አስቦ ነበር። የፊደሉን ቅርጽ፣ የጠረጴዛውን ልብስ፣ የፎቶውን ብርሃን ሳይቀር አስቦበታል። የረሳው አንድ ነገር ነው፤ የእናቱ እጅ የሷን ትእዛዝ እንደማይጠብቅ።

ጠርሙሱን አነሣች። ለትልቅ ነውና መጀመሪያ የሚቀዳው፣ ወደ መምህር አካለ ወልድ ሄደች። እሳቸውም ብርጭቋቸውን በሁለት እጅ ዘረጉ። የምትቀዳላቸው መስሏት ነበር። ግራ እጇ ግን ሠላሳ ዓመት እንደለመደው ተዘረጋ፣ ቀኝ እጇ ጠብ አደረገበት፣ መዳፏ ወደ አፏ ወጣ። ፉት አለች።

መጀመሪያ የመጣው ስኳሩ ነው፤ ጥርስ ላይ የሚለጠፍ የተቃጠለ ስኳር። ከዚያ የከርከዴው ኮምጣጣ። ከዚያ ያ የመርፌ ቤት ነገር ምላሷን ላጠ፣ ላንቃዋን ላጠ፣ በአፍንጫዋ ወጣ። ከሁሉም በኋላ፣ ከሥር ከሥሩ፣ ሳሙና። ሦስት ጊዜ የታጠበው ሳሙና። እንዳትተፋው አፏን በነጠላዋ ያዘች፤ ከዚያ እንግዶቹ ፊት፣ መምህሩ እግር ሥር፣ ተፋችው።

ነጠላዋ ላይ ቀይ ወርዷል። ፈንታነሽ በሕይወቷ እንዲህ አፍራ አታውቅም፤ በትልቅ ሰው ፊት ምራቅ መትፋት ባለጌ የሚያደርገው ነው።

«ምነው ፈንታነሽ? አመመሽ እንዴ?» አሉ መምህር አካለ ወልድ፣ ብርጭቋቸውን እንደዘረጉ።

ይታገስ ከመካከላቸው ገባ። እየሳቀ ነው። «ይቅርታ፣ ይቅርታ! እናቴ በጠዋት ከብቸና ስለመጣች መንገዱ አድክሟት ነው። ለነገሩ መጠጥ ብዙም አይስማማትም።»

መጠጥ አይስማማትም! ከብቸና የመጡት ሁለት ሰዎች ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። ፈንታነሽን ግን አላሳቃትም። አፏ ውስጥ ያለው ሳሙና ከልጇ ድምፅ የመጣ እስኪመስላት ድረስ አንገሸገሻት። ያም ሆኖ አሁንም ልታድነው ፈለገች። ምናልባት የኔ አፍ ነው፣ አርጅቶ ይሆናል፣ እሱ ማታ ማታ የሚጠጣውን እኔ ምን ሆኜ ነው አለች።

«እሺ ልጄ» አለችው። «እኔን አልተስማማኝም። የቀዳ ይቀምሳል፣ ወጋችን ነው። አንተ ቅመስላቸው።»

«እማዬ፣ ጊዜ የለንም...»

«መዳፍህን።»

ወይዘሪት ማስተዋል ብዕሯን አስቀምጣ ቀና አለች። ይታገስ እንግዶቹን አየ፣ ስልኮቹን አየ፣ ግራ መዳፉን ዘረጋ። ፈንታነሽ ሳትሰስት ጠብ አደረገችለት። እጁን ወደ አፉ አስጠጋ፣ አንገቱን ወደ ኋላ ጣል አደረገ፣ ጉሮሮውን አንቀሳቀሰ፣ ጣቶቹን ጨብጦ እጁን አወረደ።

«ግሩም ነው!» አለ። ከንፈሩን በምላሱ ላሰ። ሁለት ሰዎች አጨበጨቡ።

ከንፈሩ ላይ ቀይ ጠብታ አልነበረም። ሌላው ሰው አላየውም፤ ሠላሳ ዓመት መዳፍ ስትቀምስ የኖረች ሴት ግን መዳፍ የቀመሰ አፍ ምን እንደሚመስል ታውቃለች። ደረቱ ላይ ያወረደውን ጭብጥ በሁለት እጇ ያዘች። አልለቅም አለ። ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈለቀቀቻቸው፣ ልጅ ሳለ ከአፈር ውስጥ ያነሣውን ነገር ስታስጥለው እንደምታደርገው። ወይኑ እዚያው ነበር። መዳፉ ላይ ኩሬ ሠርቶ፣ በአንጓው በኩል ወደ ነጩ እጅጌው እየወረደ ነበር።

በርሜሉ አላስጠላትም ማለት ይቻላል፣ ከዚህ ጋር ሲተያይ። ዝንቡም፣ መጋረጃውም፣ ጀሪካኑም። ያልታወቀው ስህተት ሠራ ይባላል፤ ይህ ግን አውቋል። አውቆ ነው አንድ ቀን እንኳ ያልጠጣው። አውቆ ነው ለክርስትና አባቱ ብርጭቆ ያስዘረጋ። አውቆ ነው ፊቷን አርባ ጊዜ የለጠፈበት። የልጇ እጅ በእጇ ውስጥ እያለ፣ የሚያጣብቅ፣ ሞቃት፣ ቀይ፣ ዘገነናት። የወለደችውን እጅ ተጸየፈችው።

«አንተ ያልዋጥከውን ነው እኔን ያስዋጥከኝ» አለችው በዝግታ። «እኔንስ እሺ። እሳቸውን?»

ፈንታነሽ እጁን ለቀቀችው። ከመምህር አካለ ወልድ እጅ ብርጭቆውን ወስዳ ጠረጴዛው ላይ ደፋችው።

«ይኼን የሠራሁት እኔ አይደለሁም» አለች ወደ እንግዶቹ ዞራ። «የኔ እጅ የለበትም። እንዳትጠጡት።»

መምህሩ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። ወይዘሪት ማስተዋል ማስታወሻዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ በሩ ላይ ስትደርስ «ያኔ ያስቀመሰኝ ግን ጥሩ ነበር» አለች። ፈንታነሽ «አዎ፣ ጥሩ ነበር» አለቻት። ሰው ሲወጣ እሷ ከጠርሙሶቹ ላይ ፊቷን በጥፍሯ እየላጠች ነበር። ሙጫው ጠንካራ ነው፤ ግማሹ ይላጣል፣ ግማሹ ይቀራል። ይታገስ አዳራሹ ጥግ ወንበር ላይ ተቀምጦ እጁን በጠረጴዛ ልብስ ይጠርጋል። አርባኛውን ልጣ ስትጨርስ ያመጣችውን የዳግም ጠርሙስ በጨርቁ እንደተጠቀለለ አጠገቡ አስቀምጣለት ወጣች።

ብቸና ከገባች በኋላ እጇን በሎሚ አሸች፣ በአመድ አሸች። የከርከዴው ቅላት በሁለተኛው ቀን ለቀቀ። ሽታው ግን በአፍንጫዋ ቀረ፤ በቅቤ ውስጥ ይሸታታል፣ በውኃ ውስጥ ይሸታታል። ይታገስ አልደወለም። እሷም ስልኩን አንሥታ ቁጥሩን ታየዋለች፣ ትመልሰዋለች።

በሳምንቱ፣ በቅበላው እሑድ፣ ጎረቤቷ ይርጋነሽ እንግዳ ይዛ መጣች። ፈንታነሽ ብርጭቆዎቹን አለቅልቃ አቀረበች፣ ዳግሙን አወጣች። ዳጉሳውን የለቀመችው ራሷ ናት፣ ብቅሉን ያበቀለችው ራሷ ናት፣ የመጀመሪያውን ጠብታ ደጅ የደፋችው ራሷ ናት። ጠርሙሱን በቀኝ እጇ ይዛ በግራ መዳፏ ላይ ጠብ አደረገች። ወደ አፏ ልታስጠጋው ስትል እጇ መንገድ ላይ ቆመ።

«ምነው?» አለች ይርጋነሽ።

ፈንታነሽ በሠላሳ ዓመት አድርጋው የማታውቀውን አደረገች። የራሷን መዳፍ መጀመሪያ አሸተተችው።